መጀመሪያ የተወሰደባትን መልስላት

ልጄ፣ ፔጆዋ አንተ እጅ መግባቷን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። ያሰብክላትን ስትነግረኝ ግን ደስታዬ ቀዝቀዝ አለ። ሞላዋን አስቆርጬ ዝቅ አደርጋታለሁ፣ ሰፋ ያለ ጎማ አለብሳታለሁ፣ ደረቅ ያለ ሾክ አስገባላታለሁ፤ ከዚያ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ኩርባ እንደ ዘመኑ መኪና ትይዝልኛለች አልከኝ። አቦ፣ መኪናህን መውደድህን አልጠላሁትም። የድሬዳዋ ልጅ ነህና «አንተ» እያልክ ብትሟገተኝም አይከፋኝም። መፍቻ ከማንሳትህ በፊት ግን ስማኝ። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ መከራው ከመድረሱ በፊት እኔ ልቅደም ብዬ ነው።

የምነግርህ ነገር አንድ ነው፤ ሌላው ሁሉ የእሱ ዝርዝር ነው። ለአሮጌ መኪና የምትጨምርላትን ከማሰብህ በፊት ዕድሜ የወሰደባትን መልስላት። ዛሬ ኩርባ ላይ የምትወላገደው፣ ፍሬን ስትይዝ አፍንጫዋን የምትደፋው፣ የከዚራ ሰፈር ኮብልስቶን ላይ የምትንኳኳው መኪና ስትወለድ እንዲህ አልነበረችም። አንተ ያየሃት ከደከመች በኋላ ነው። ጤነኛዋን ሳታውቃት ልታሻሽላት ተነሣህ።

ጤነኛዋ ምን ትመስል እንደነበር ልንገርህ። ፔጆ 404 ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣች፣ ቅርጿን የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና የነደፈላት መኪና ናት። ከፊት እያንዳንዱ ጎማ የራሱ ሞላና ሾክ አለው፤ ሞላው ሾኩን ከብቦ ይቀመጣል። ከኋላ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ድፍን አክስል ተያይዘው በሞላ ላይ ያርፋሉ፤ አክስሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዳይንሸራተት አግድም የተዘረጋ አንድ ዘንግ ይይዘዋል። ሞላዋ ለስላሳ ነው፤ ጎማዋ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድበት ርቀት ረጅም ነው። ይህ ለመንገደኛ ምቾት ብቻ የታሰበ አይደለም። መንገዱ ሲበላሽ ጎማው መሬቱን እየተከተለ ይወርዳል፣ ይወጣል። መሬት የለቀቀ ጎማ ደግሞ መሪም ፍሬንም የለውም፤ መኪና የሚይዘው ጎማው መሬት ላይ ሲቆይ ነው።

ይህን ያስመሰከረችው ወረቀት ላይ አይደለም። የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ያሸነፈችው 404 ናት። በ1963 ከተነሡት 84 መኪኖች መጨረሻው ላይ የደረሱት 7 ብቻ ነበሩ፤ በ1968ም ከ93ቱ የተረፉት 7 ናቸው። ያን ጭቃና ያን ጉድጓድ ያለፈችው ከፋብሪካ ከወጣችው ብዙም ያልራቀች፣ ከፍ ብላ የቆመች መኪና ነበረች። መሬት ልሳ፣ ሞላዋ ደርቆ አይደለም። ኬንያም እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ድረስ እሷን መገጣጠም አላቆመችም። ድሬና ሐረርስ ቢሆኑ? ባጃጅ ከተማውን ከመውረሱ በፊት ታክሲ ያደረጓት ያለምክንያት ነው? ሰው ሞልታ፣ ኩንታል ጭና፣ የደንገጎን ዳገት ስትወጣና ስትወርድ የኖረችው በዚያው ለስላሳ ሞላዋ ነው።

ታዲያ የአንተዋ ለምን ትወዛወዛለች? ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። ብዙ ሰው መኪናው ሲወዛወዝ ሞላው ላይ ይፈርዳል፤ ጥፋቱ ግን አንዲት የተበላች የላስቲክ ቦኮላ ወይም የፈሰሰ ሾክ ይሆናል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። ስለዚህ ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ራስህ መርምራት።

ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ሜዳ ቦታ አቁማትና ራቅ ብለህ ተመልከታት። አንዱ ጎን ዝቅ ብሏል? በዓይንህ አትመን፤ ሜትር አምጣና ከቸርኬው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በአራቱም በኩል ለካ፣ ጻፈው። ግራና ቀኙ ከተለያየ አንዱ ሞላ ደክሟል ወይም ተሰብሯል። ቀጥለህ በየማዕዘኑ በሁለት እጅህ ጫን አድርገህ ልቀቃት። ወደ ላይ ተመልሳ ቀጥ ካለች ሾኩ ይሠራል፤ ደጋግማ ከተንቆራጠጠች ሾኩ ሞቷል። ሾኩ ላይ እርጥብ ዘይት አቧራ ይዞ ካየህም ሌላ ምስክር አትፈልግ።

ከዚያ በክሪክ አንሣት። እዚህ ላይ ግን ቃል ግባልኝ፤ በክሪክ ብቻ ከቆመች መኪና ሥር አትገባም። ጠንካራ መደገፊያ ከሥሯ አስገባና ክብደቷ እሱ ላይ ይረፍ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቀው፤ ከዚያ ከግራና ከቀኝ ይዘህ ነቅንቀው። ከግራና ቀኝ ብቻ ከተጫወተ የመሪ ዘንጉን መጋጠሚያ፣ ቴስቲናውን፣ ወይም የመሪውን ጥርስ ጠርጥር። ከላይና ከታች ከተጫወተ ደግሞ ጓደኛህ ፍሬን ይያዝልህ፤ ፍሬን ሲያዝ ጨዋታው ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፣ ካልጠፋ የታችኛው መጋጠሚያ ተበልቷል። ይህን ማወቅ ገንዘብ አያስወጣም። ሳታውቅ ጋራዥ ከገባህ ግን ያልተበላሸው ሁሉ ይፈታልሃል፤ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል።

ምርመራው ካለቀ የመጀመሪያው ብር ለጎማ ይውላል። መኪናዋ መሬት የምትነካው በአራት መዳፍ በምታክል ቦታ ብቻ ነው፤ ሌላው ሥራ ሁሉ ለእነዚያ አራት መዳፎች ነው የሚሠራው። ጎማ ስትገዛ ጥርሱን ብቻ አትይ፤ ጎኑ ላይ የተጻፉትን አራት አኃዞች አንብብ። 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። የድሬ ፀሐይ ጎማን ሳይነዳ ያስረጀዋል፤ ጥርሱ ያላለቀ ግን የደረቀና የተሰነጣጠቀ ጎማ ዝናብ ሲነካው አስፋልቱን አይይዝልህም። በአንድ መኪና ላይ የተለያየ ዓይነት ጎማ አትቀላቅል፤ ከፊትም ከኋላም ግራና ቀኙ አንድ ይሁን። ነፋሱንም ጠዋት ሳይነዳ ለካ። ቀትር ላይ ከሮጠች በኋላ የምትለካው የሞቀ አየር ነው፤ ብዙ መስሎህ ብታስተነፍሰው ሌሊት ሲበርድ ጎማው ጎድሎ ታገኘዋለህ።

ስለ ሰፊው ጎማ ያልከኝም እዚሁ ይመለስ። 404 የተሠራችው ለቀጭን 15 ኢንች ጎማ ነው። መሪዋ በክንድህ ኃይል ብቻ የሚዞር ነው፤ የሚያግዝ ፓወር የለውም። ጎማውን ስታሰፋው መሪው ይከብዳል፣ ጎማው ኩርባ ላይ ፓራፋንጎውን ይፍቃል፣ ቸርኬው ወደ ውጭ ከወጣ ደግሞ የኩሽኔታው ሸክም ይጨምራል። በጉድጓድ መንገድ ላይ ከባድ ጎማና ከባድ ቸርኬ ለሾኩም ጠላት ነው፤ ከባዱን ነገር ተቆጣጥሮ መመለስ የሚኖርበት እሱ ነውና። ሰፊ ጎማ ፎቶ ላይ ያምራል። ለማያውቁሽ ታጠኚ እንደተባለው ነው፤ እኛ ግን እናውቃታለን።

ከጎማ ቀጥሎ ቦኮላና መጋጠሚያ ናቸው። እነዚህ ርካሽ ስለሆኑ የሚናቁ፣ ግን የመኪናን ጠባይ የሚወስኑ ናቸው። ቦኮላ ለመኪና የጉልበት ልስልስ አጥንት ነው፤ ሲያልቅ አጥንት ከአጥንት ይፋጫል፣ ሰውየውም አካሄዱ ይበላሻል። ላስቲኩ በሙቀትና በዘይት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ያኔ ጎማው ፍሬን ስትይዝ ወደ ኋላ፣ ነዳጅ ስትሰጥ ወደ ፊት ይሸሻል፤ አንተ መሪውን ቀጥ አድርገህ ይዘህ እሷ ግን ግራና ቀኝ ትላለች። ሰዉ ይህን «ሾክ ነው» ይለዋል። የኋላውን አክስል የሚይዘው ያ አግድም ዘንግ ጫፉ ላይ ያሉት ላስቲኮች ከተበሉ ደግሞ ኩርባ ውስጥ ጅራቷ ዘግይቶ ሲከተልህ ይሰማሃል፤ ነጂውን የሚያስፈራው ይኼኛው ነው።

እዚህ ላይ መካኒክህን አንድ ነገር ለምነው። የላስቲክ ቦኮላ ሲቀየር ዳዶው በመጨረሻ የሚጠብቀው መኪናዋ በአራት እግሯ መሬት ላይ ከቆመች በኋላ ነው። በክሪክ ተንጠልጥላ ሳለች ካጠበቁት ላስቲኩ በተንጠለጠለበት አቋም ይታሰራል፤ መሬት ስትነካ ተጠማዞ ይቀራል፣ በጥቂት ጊዜም ይቀደዳል። ከዚያ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይባላል። ያለ ኃጢአቱ የሚረገም ዕቃ ስንቱ ነው!

ከአሮጌ ጎማ ተቀርጾ የሚገባ ቦኮላም አለ። ለጊዜው ያደርስሃል፤ ግን ጥንካሬው ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ግራና ቀኙ እኩል አይሠራም። ድሬ የምድር ባቡር ልጅ ናት፤ ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ የተወለደች፣ በሸሚን ደፈር ወርክሾፕ ብረት መለካትና መቅረጽ የተማረች ከተማ ናት። ቶርኖ የሚያውቅ እጅ ዛሬም አይጠፋባትም። የብረቱን ማቀፊያ ያስተካክሉልህ፤ አሮጌውን ዕቃ ይዘህ ሂድ፣ በካሊበር ይለካ፣ በግምት አይሠራ። ቴስቲናና የመሪ ዕቃ ግን አይበየድም፣ አይሞረድም። ያለቀ ከሆነ ይቀየራል። ሌላው ሁሉ ቢጠገን መሪህ የሚያያዝበት ነገር የሙከራ ቦታ አይደለም።

አሁን ወደ ሾክ መጣን፤ የድሮ መካኒኮች አሞርቲዛቶር የሚሉት። ብዙ ሰው መኪናን ከፍ አድርጎ የሚያቆመው ሾክ ይመስለዋል። አይደለም፤ ክብደቱን የሚሸከመው ሞላው ነው። ሾኩ የሞላውን ውዝዋዜ የሚያበርድ ነው። ውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳዎች እየተገፋ ሲያልፍ ጉልበቱ ወደ ሙቀት ይለወጣል። እንግዲህ የድሬን ቀትር አስበው፤ ከታች የአስፋልቱ ግለት፣ ከላይ ፀሐዩ፣ መሐል የጉድጓዱ ምት። ዘይቱ ሲግል ይቀጥናል፣ ሾኩም ሥራውን እያቃለለ ይሄዳል። ጠዋት ደህና የነበረች መኪና ከሰዓት በኋላ ጅል የምትሆነው ለዚህ ነው። ጋዝ የተሞላ ጥሩ ሾክ ካገኘህ እዚህ ላይ ገንዘብ ማውጣት አልከለክልህም፤ ጋዙ ዘይቱ አረፋ እንዳይሆን ያግዘዋልና ረጅም መጥፎ መንገድ ላይ ጥቅሙ ይታያል። ግን ከሞላዋ ጋር የሚመጣጠን ይሁን። ለስላሳ ሞላ ላይ በጣም ደረቅ ሾክ ካስገባህ ጎማው ወደ ጉድጓዱ በጊዜ አይወርድም፣ ከጉድጓዱም በጊዜ አይወጣም፤ መኪናዋ ትዘልልሃለች። ሾክ ሁልጊዜ ጥንድ ጥንዱን ይቀየራል፤ የግራውን አዲስ፣ የቀኙን አሮጌ አድርጎ መንዳት በአንድ እግር ጫማ በሌላው እግር ነጠላ ጫማ አድርጎ እንደመሮጥ ነው፤ ፍሬን ስትይዝም ግራና ቀኙ እኩል አይይዝልህም።

ሞላ ስለማስቆረጥ የምነግርህን በደንብ ያዝ። ሞላ ሲቆረጥ የቀሩት ቀለበቶች ይቀንሳሉ፤ ቀለበቱ ሲቀንስ ሞላው ይደርቃል። ያው ሞላ አጠረ ብቻ ሳይሆን ሌላ ሞላ ሆነ ማለት ነው። ጎማው ወደ ላይ የሚሄድበት ርቀት ስለሚያጥር ጉድጓድ ስትመታ ሞላው መጨረሻው ላይ ደርሶ መከላከያ ላስቲኩን ይመታል፤ ከዚያ ያለው ምት በቀጥታ ወደ ቦዲዋ ይሄዳል። የተቆረጠው ጫፍ ከመቀመጫው ጋር አይገጥምም፤ መኪናዋ ስትነሣ ሞላው ከቦታው ሊለቅ ይችላል። በጋዝ እሳት የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ ብረቱ በዚያ ዙሪያ ጥንካሬውን ያጣል። ሾኩም ለዚህ አጭር ሞላ አልተሠራም። ከፊት በኩል የጎማው አቋምም ይዛነፋል፤ ጎማህን በውስጥ በኩል ሲበላው ታያለህ። ይህን ሁሉ የምትከፍለው ለምን? ለቁመናዋ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ደንገጎ ላይ ገደሉ ተረት አይደለም።

ሞላው በእውነት ከደከመ ግን ጊዜ አታጥፋ። የለካኸው ቁመት ካጠረ፣ ግራና ቀኙ ካልተስማማ፣ በልኳ የተሠራ ሞላ ፈልግላት፤ እሱም ጥንድ ጥንዱን። ቁመቷ ሲመለስ አካሄዷም ይመለሳል። «ሌላ መኪና ሆነች» የሚሉት ያኔ ነው፤ እሷ ግን ሌላ አልሆነችም፣ ራሷን ሆነች።

የኋላ ሞላው ባሌስትራ፣ ማለትም የተነባበረ የብረት ቅጠል፣ የሆነ ፒክአፕ ያለው ጓደኛ ካለህ ለእሱም ንገረው። ባሌስትራ ላይ ቅጠል መጨመር ጭነት ሲኖር ይረዳል፤ ባዶ ስትሄድ ግን ጅራቷ ይዘላል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ያመልጣል። ጭነቱ ዕለት ዕለት ካልሆነ ቅጠሉን ከመጨመር ጭነቱን መቀነስ ይሻላል። ዲኤክስ የምንላት ቶዮታ ኮሮላም ቢሆን ከፊት ሞላና ሾክ አንድ ላይ፣ ከኋላ ድፍን አክስል በሞላ ላይ ያላት ናትና የነገርኩህ ሁሉ ለእሷም ይሠራል።

ቦኮላው፣ ቴስቲናው፣ ሾኩና ሞላው ካለቀ በኋላ ነው አላይመንት የሚሠራው። ከዚያ በፊት የሚሠራ አላይመንት ገንዘብ ማባከን ነው፤ በተበላ መጋጠሚያ ላይ የተስተካከለ ጎማ ከጋራዡ በር ሳይወጣ ይዛነፋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። አላይመንቱ ሲሠራ አንተ የምትነዳበትን ክብደት ይዛ ትሁን፤ ነዳጅ ይኑራት፣ የጎማዋ ነፋስ ልክ ይሁን። ካስተካከልክና ጥቂት ከነዳሃት በኋላ ጎማውን በእጅህ እየዳሰስክ አንብበው። በውስጥ ወይም በውጭ ጠርዝ ብቻ ከተበላ፣ ወይም ስትዳስሰው በአንድ በኩል እንደ መጋዝ ከያዘህ፣ አላይመንቱ አልተስተካከለም። ቦታ ቦታ እየዘለለ ከተበላ ደግሞ ሾኩን ተመልሰህ እየው። ጎማ ሲናገር መካኒኩም አይከራከርም።

ስለ መያዝ ይህን ያህል አውርተን ፍሬን ሳናነሣ ብንለያይ ምክሩ ጎደሎ ነው። የመጀመሪያዎቹ 404ዎች በአራቱም ጎማ ታምቡር ፍሬን ነበራቸው፤ የፊት ዲስክ የመጣው ወደ 1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ነው። የአንተዋ የትኛው እንደሆነ እይ። ድሬ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የደንገጎ አናት ደግሞ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። ያን ሁሉ ከፍታ ስትወርድ ፍሬን ላይ እግርህን ጭነህ ከወረድክ ታምቡሩ ይግላል፣ ሸራው ይቃጠላል፣ አሮጌ የፍሬን ዘይት ከሆነም ውኃ ይዟልና ይፈላል፤ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ያን ጊዜ አዲስ ሾክ ምን ያደርግልሃል? ስትወጣ የተጠቀምክበትን ማርሽ ስትወርድም ተጠቀምበት፤ ሞተሩ ይያዝልህ፣ ፍሬኑን እየነካህ ልቀቀው። የፍሬን ዘይቱን ቀይር፣ ሸራውን እይ፣ ከዚያ ስለ ፍጥነት አስብ። በቁልቁለት ላይ የፈጠነ ነገር ሁሉ ጀግና አይደለም።

ይህ ሁሉ ካለቀ፣ ያኔ ስለ ማሻሻል እንነጋገር። ከሁሉ በፊት ቀበቶ፤ አሮጌ መኪና ላይ የሌለ ወይም የላላ ከሆነ በደንብ የታሰረ ቀበቶ ከየትኛውም ሞላ የበለጠ ማሻሻያ ነው። ቀጥሎ ጥሩ ራዲያል ጎማ፣ በልኳ። ቀጥሎ የሚመጣጠን ጋዝ ሾክ። ከዚያ በኋላ ከፈለግህ በመሪው አካባቢ ያሉ ጥቂት ቦኮላዎችን ከላስቲክ ወደ ጠንካራ ፖሊዩሬቴን መቀየር ትችላለህ፤ መሪው ይሳላል፣ ዕድሜውም ይረዝማል፤ ግን የመንገዱን ድምፅ ሁሉ ወደ ጋቢናው ያመጣብሃል፤ ብዙዎቹም ግራሶ ካልተቀቡ ይጮኻሉ። ሁሉንም ቦኮላ በእሱ ብትቀይረው ኮብልስቶን ላይ ጥርስህ ይንቀጫቀጫል። ስታሻሽልም አንድ በአንድ ሥራ። አንዱን ቀይረህ ንዳው፣ አድምጠው፣ ከዚያ ሌላውን። አምስት ነገር አንድ ቀን ብትቀይር የትኛው እንዳሻሻላትና የትኛው እንዳበላሻት አታውቅም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የመንግሥትንም ነገር አትርሳ። ቦሎ በየዓመቱ በምርመራ ነው የሚወጣው፤ መሪዋ ሲላላ፣ ፍሬኗ ግራና ቀኝ ሲለያይ መርማሪው ያየዋል። ቁመቷና ጎማዋ በዘፈቀደ ተቀይሮ ስታቆማትም ጥያቄ ይነሣብሃል። ደግሞ አሁን ያለንበትን ዘመን አስብ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ትላንት «ካረጁ አይበጁ» ይባሉ የነበሩት ዛሬ ከእጅ የማይለቀቁ ሆነዋል። በእጅህ ያለችውን በቀላሉ የምትተካት አይምሰልህ። ለማማር ብለህ የምትቆርጠው ሞላ ነገ ገበያ ላይ ፈልገህ የማታገኘው ሊሆን ይችላል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አትግባ።

መካኒክህን በተመለከተ ሁለት ነገር ልበል። ጠዋት ውሰድለት። ከምሳ በኋላ ድሬ ራሷ ታርፋለች፤ የጫት በርጫ ላይ የተቀመጠን ሰው አስነሥተህ ዳዶ ብታስጠብቅ የላላው ዳዶ የአንተ ነው። ሌላው፣ የተፈታውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ መልሶ እንዲሰጥህ ንገረው። ዕቃውን ስታየው የተበላው የት ጋ እንደሆነ ትማራለህ፤ የሚቀጥለውን ጊዜ አንተ ራስህ ታውቀዋለህ። ከዚያ ግራሶ የሚገባባቸውን ቦታዎች አሳየኝ በለው፤ ግራሶ ያላገኘ መጋጠሚያ አዲስ ቢሆንም ቶሎ ያረጃል። በተለይ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ በጎርፍ ውኃ ውስጥ ካለፍክ ቀኑን ሳታሳልፍ ኩሽኔታውንና ግራሶውን አሳይ። ሳይቃጠል በቅጠል። ጎርፉ ብርቱ ከሆነ ግን ጭራሽ አትግባ፤ ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ያደረሰውን ጥፋት የድሬ ሰው አይረሳም።

የመጨረሻው ነገር አንተን ይመለከታል። ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል ይላሉ አባቶች። ኩርባ ሳትገባ ፍጥነትህን ቀንስ፤ ኩርባው ውስጥ ገብተህ ፍሬን አትያዝ። መሪውን አትንጠቀው፤ ቀስ ብለህ አስገባት፣ ስትወጣ ቀስ ብለህ ነዳጅ ስጣት። እንዲህ ስትነዳት ለስላሳ ሞላዋ ጠላትህ አይሆንም፤ ወደ አንድ ጎን ጋደም ብላ፣ ጎማዎቿ መሬት ይዘው፣ ታልፋለች። በቁጣ ከነዳሃት ግን የዓለምን ሾክ ሁሉ ብታስገባ አትድንም። ጥሩ የሚይዝ ሰው የሌለው ጥሩ የሚይዝ መኪና የለም።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ሜትሩን ይዘህ ቁመቷን ለካ፣ ጎማዋን አንብብ፣ ክሪኩን አንሣ፣ ያገኘኸውን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፍ። ከወረቀቱ መጀመሪያ ጎማውንና የፍሬኑን ነገር አስተካክል፤ ቀጥሎ ቦኮላውንና ቴስቲናውን፣ ቀጥሎ ሾኩንና ሞላውን፣ በመጨረሻ አላይመንቱን። ሁሉን ከጨረስክ በኋላ ደንገጎ ድረስ ነድተሃት ተመለስ። ያኔም ትወላገዳለች ካልከኝ ስለ ማሻሻል እንደገና እንመካከራለን፤ ሞላ ስለ መቁረጥ ግን አንነጋገርም። እግዚአብሔር እጅህን ይባርክ፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ።